ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት ለዐሥራ ዘጠኝ

አባቴ አንዷን ሳይቀንሱ አለፉ። ጳጉሜን አምስት ቀን ጠዋት ነው። እኔ ጓዳ ተቀምጬ ለነገው ዶሮ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ እሳቸው ሳሎን መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ለነገው ዐዋጅ ዓመቱን ያሰላሉ። ወረቀት አይዙም፤ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ በቃላቸው ነው የሚሄዱት። ይህን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሬ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁና አብሬያቸው አሰላለሁ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ጨመሩ፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት፣ ዓመተ ዓለም። ለአራት አካፈሉ፣ ሁለት ተረፈ፤ ዘመነ ማርቆስ። ለዐሥራ ዘጠኝ አካፈሉ፣ ዐሥራ ሦስት ተረፈ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ "አሐደ አእትት ለዘመን" ይሉና አንድ ይጥላሉ። ዓመቱ ገና መግባቱ ነው፣ አልተፈጸመም፤ ያልተፈጸመ ዓመት አይቆጠርምና ከተረፈው ላይ አንድ ይነሣለታል፣ የቀረው ዐሥራ ሁለት ወንበር ይባላል፣ የዓመቱ ጾምና በዓል ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ጣልሁት። እሳቸው አልጣሉም። "ዐሥራ ሦስት ጊዜ ዐሥራ አንድ፣ መቶ አርባ ሦስት" ብለው ቀጠሉ። ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ።

እሳቸው መሪጌታ ቀለመወርቅ ናቸው። ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ተምረው፣ እዚያው አስተምረው፣ ጉልበታቸው ሲደክምና እናቴ ስታርፍ ነው ወደ እኔ ንፋስ መውጫ የመጡት። እኔ እዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ምሥራቅ እባላለሁ፤ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ ቆርቆሮው ንፋስ በመጣ ቁጥር ይጮኻል፣ ኪራዩ ደግሞ በየስድስት ወሩ ይጨምራል፤ ሆኖም ከአባቴ ጋር የተጣላንበት ቀን የለም፣ ምክንያቱም የምንጫወተው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ቁጥር ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲሆን እሳቸው ዓመተ ዓለሙን ይሰጡኛል፣ እኔ በታትኜ በስንት በስንት እንደሚካፈል እነግራቸዋለሁ። አምና ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ሰባትን ሰጡኝ፤ በሰባት ብል፣ በዐሥራ ሦስት ብል፣ በምኑም ብል እንቢ አለኝ። "ብቸኛ ቁጥር ነው አባዬ፣ ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የለም" አልኋቸው። "በይ እንግዲህ፣ እንደ አንቺ ባል አልበረክት ያለው ዓመት ነው" ብለው ስቀው ሊሞቱ ነበር። ለዘንድሮው ካሁኑ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሰባት ጊዜ መቶ ሰባ ዘጠኝ። ሰባት ስላለበት ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፣ ሰባት ይወዳሉ። ጠብቄ ጠብቄ አልጠየቁኝም።

ሰው ምላሱ ይስታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፣ እኔ በአርባ አምስቴ የቦርሳዬን ቦታ እረሳ የለ? ነገሩ ግን ነገ የሚነገረው ለእኔ አይደለም። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም የግድግዳ ካላንደር አልገባም፤ ኢንተርኔቱም ከተቋረጠ ቆይቷል፣ ስልክ ላይ የሚታይ የለም። ስለዚህ የአዲሱ ዓመት ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚያውቀው ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ዓውደ ምሕረቱ ላይ የቆመ ሰው ነው። ወደዚህ ከመጡ ጀምሮ እዚያ ላይ የሚቆሙት አባቴ ናቸው። ሰው ዝም ብሎ ይሰማቸዋል፤ ከገጠር የመጡ ቄሶች በቃላቸው ይዘውት ወደየደብራቸው ይመለሳሉ። አባቴ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ለዚያች ጠዋት ነው ብል አላጋነንሁም፤ ሌላው ቀን ሁሉ ጉልበታቸውን እያሹ መጠበቅ ነው።

ገብሱን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ ሰልፉ ከበር ውጭ ወጥቷል፤ የማስፈጫው ዋጋ ጨምሯል ብለው ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ባለወፍጮው ናፍጣ የለም እያለ ይምላል። ከፊቴ የቆመችው ጎረቤታችን ተሾመች ናት። ደግ ሴት ናት፣ አባቴ ሲያማቸው አጃ አፍልታ የምታመጣው እሷ ናት። ገና ስታየኝ አቅፋ ሳመችኝ።

"ለአባትሽ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም እቴ" አለችኝ። "የልጄን ሠርግ ቀን ቆረጥን። ጥር ላይ ለማድረስ ጭንቅ ብሎን ነበር፣ የልጁ ወገኖች ከስማዳ ናቸው፣ ከወገዳ እስከዚህ ያለውን መንገድ ታውቂው የለ። ለካ ጾሙ በአዲሱ ዓመት የሚገባው የካቲት ሃያ ሦስት ነው፤ አባትሽ ናቸው የነገሩን። የካቲት ዐሥራ አምስት እሑድ አደረግነው። ድንኳኑን ተነጋግረናል፣ ለጌሾውም ገንዘብ ሰጥቻለሁ።"

ጾሙ የሚገባው የካቲት ዘጠኝ ነው። አንዷ ባለመቀነሷ ሁለት ሳምንት ተገፍቶ፣ ተሾመች ልጇን ሁዳዴ ውስጥ ልትድር ነው። አባቴ መቼ እንደነገሯት ጠየቅኋት፤ ነሐሴ ላይ ነው አለች። እንግዲህ የዛሬ ጠዋቱ የምላስ መሳት አልነበረም። "ተሾመች፣ ነገ ዐዋጁን ሳትሰሚ ምንም እንዳታደርጊ፤ ለልጁም ወገኖች እንዳትልኪባቸው" አልኋት። ፊቴን አይታ ሳቀች። "እሳቸው ካሉ ወዲያ ምን እሰማለሁ" አለችና ጆንያዋን አነሣች፣ ተራዋ ደርሶ ነበር። ዱቄቴን እንዴት ተቀብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም፤ በባጃጅ ቤት አድርሼ፣ ደጃፍ ላይ ጥዬ፣ በዚያው ባጃጅ ተመልሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ።

ይስማው የአባቴ ተማሪ ነው። ቤተ ልሔም አኩፋዳውን ይዞ ሲመጣ ጢሙ አልበቀለም ነበር፤ ዛሬ የደብሩ መሪጌታ ነው፣ ባለ ትዳር፣ ባለ ሁለት ልጅ። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ። ብቻችንን ስንሆን ግን እናቴ ያበላችውን ልጅ አንቱ ማለት አፌ እንቢ ይለኛል። ከዕቃ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ ለማኅሌቱ ከበሮዎቹን ያስወለውላል። ሲያየኝ ሰዎቹን ትቶ ወደ ዛፉ ሥር መጣ። የኔታ ደኅና አደሩ ወይ አለኝ፣ ደኅና ናቸው አልሁት፤ ከዚያ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። ማወቁ ገባኝ።

"አንዷ ናት እትዬ?" አለኝ።

"መቼ ሰማህ?"

"ፍልሰታን ሱባኤ ተቀምጠን ሳለ አሰሉልን። ረስተው ነው ብዬ አለፍሁት። ሌላ ቀን ደገሙት።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"ምን ብዬ? አባትሽ እየጠፉ ነው ብዬ?"

ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። ነገ ሲሳሳቱ ዝም በላቸው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ አስተካክለህ ንገር አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ዓውደ ምሕረት ላይ የተነገረ ጾም ነው፤ የገጠሩ ቄስ ሰምቶት ወደ ቆላው ይወርዳል፣ በዚህ መንገድ ማን ተከትሎ ይመልሰዋል? አንድ ገበሬ የሁዳዴን ሁለት ሳምንት ጥሬ ሥጋ ሲበላ ቢቆይ ኃጢአቱ በማን አንገት ነው? ስለዚህ እዚያው ላይ፣ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ፣ ማረም አለበት። የሚያርመው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ እሱ ነው። ቦታቸውን ፈልጎ ነው ብዬ ልጠላው ሞከርሁ፤ ብጠላው እንዴት በቀለለኝ። ግን ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

"ድጓውን ፊደል በፊደል ያስያዙኝን ሰው በሕዝብ ፊት 'ተሳስተዋል' እንድል አታድርጊኝ እትዬ" አለ። "ልጃቸው አንቺ ነሽ። ቤት አስቀሪያቸው። አሟቸዋል እላለሁ፣ ተክቼ አውጃለሁ፣ ማንም አያውቅም።"

እሺም እንቢም ሳልለው ወጣሁ። በመንገድ ላይ ተናደድሁ፤ በይስማው፣ በመንገዱ መዘጋት፣ ካላንደር በሚያትሙትም ጭምር። አንድ ካላንደር ገብቶ ቢሆን አባቴ ቢሳሳቱ ሰው እንደ ሽማግሌ ጨዋታ አይቶ ያልፈው ነበር። ከዚያ ደግሞ ተስፋ አደረግሁ። አስተማሪ አይደለሁ? ስንት ሞኝ ልጅ አስረድቼ አሳልፌ፣ የዚህን ሒሳብ ባለቤት አንዲት መቀነስ አስታውሼ ማሳለፍ ያቅተኛል? ዛሬ ከሰዓት አስይዣቸው ነገ በትክክል ይናገራሉ፤ ተሾመችም ትሰማለች፣ ቀኗንም ታስተካክላለች፣ አልቋል።

ረቡዕ ስለነበር እህል የቀመሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሽሮ አቀረብሁላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እስኪጨርሱ ጠብቄ፣ እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ "አባዬ፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ተካፍሎ ዐሥራ ሦስት ከተረፈ ወንበሩ ስንት ነው?" አልኋቸው። "ዐሥራ ሦስት ነዋ" አሉኝ። አንድ አይነሣለትም ወይ አልሁ። ቆጣ አሉ። "ቆይ፣ እኔን ነው የምታርሚው? አበቅቴው ሃያ ሦስት ወጣ፣ መጥቅዑ ሰባት ወጣ። ደምሪው። ሠላሳ መጣ አልመጣም? ሠላሳ ካልመጣ ነው የተሳሳትሁት።" እውነታቸውን ነው፤ መመርመሪያው ይህ ነው፣ ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ መሙላት አለባቸው። ችግሩ መመርመሪያው ይህችን ስሕተት አይዝም። አበቅቴው የሚወጣው ወንበሩን በዐሥራ አንድ አባዝቶ፣ መጥቅዑ በዐሥራ ዘጠኝ አባዝቶ፣ ከየብዜቱ ሠላሳ ሠላሳውን እየጣሉ ነው፤ ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ ራሳቸው ሠላሳ ናቸውና በዐሥራ ሁለትም ቢያባዟቸው፣ በዐሥራ ሦስትም ቢያባዟቸው፣ መጨረሻው ሠላሳ ነው። የተሳሳተውም የታረመውም ሠላሳ ይሞላል። ይህን ቀስ ብዬ፣ በጣታቸው አንጓ ላይ እየቆጠርሁ አስረዳኋቸው። እጃቸው እጄ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ "አሐደ አእትት ለዘመን" አሉ በለሆሳስ፣ ፊታቸውም ተለወጠ። ደነገጡ። "ወይ ጉድ። ወይ እኔ። አንድ አልጣልሁም እኮ" አሉና ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። አባቴን እንዲህ ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም። ምንም አይደለም አባዬ፣ እኔም ክፍል ውስጥ እሳሳታለሁ እያልሁ ጀርባቸውን አሸሁ። ከጋቢው ወጥተው እንደገና ጀመሩ፤ ዐሥራ ሁለት፣ አበቅቴ ዐሥራ ሁለት፣ መጥቅዕ ዐሥራ ስምንት፣ ጾሙ የካቲት ዘጠኝ፣ ትንሣኤ ሚያዝያ አራት። አንድም አልሳቱ። ደስታዬን መቼም አልነግራችሁም። ሳህኑን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ እያለቀስሁ ነበር፣ የደስታ ነው።

ሳህኑን አጥቤ ስመለስ ከሳሎኑ ድምፃቸው ይሰማል። ከመጀመሪያው ጀምረዋል። ለዐሥራ ዘጠኝ አካፈሉ፣ ዐሥራ ሦስት ተረፈ፣ "ዐሥራ ሦስት ጊዜ ዐሥራ አንድ፣ መቶ አርባ ሦስት።" በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ገብቼ እንደገና አስታወስኋቸው። አሁንም አዲስ እንደሰማ ሰው ደነገጡ፤ "ወይ ጉድ፣ ወይ እኔ" አሉ፤ አሁንም ፊታቸውን ሸፈኑ። ያው ሐፍረት ነው፣ ምንም ሳይጎድል። እኔ የማስተምራቸው መስሎኝ የማደርገው ነገር አባቴን ደጋግሞ ማሳፈር ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሳሳቱ አላረምኋቸውም። ነገን አሰብሁ፤ ይስማው ከኋላቸው ጠጋ ብሎ "የኔታ፣ ይቅርታ" ሲል፣ ሕዝቡ ሲንሾካሾክ፣ እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚሸፍኑበት ጋቢ ሲፈልጉ።

ሰዓት እላፊ ስላለ ካህናቱ ለማኅሌት የሚገቡት ገና ሳይመሽ ነው። ወደ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ አባቴ ተነሡ። ጥምጣማቸውን ጠመጠሙ፣ ካባቸውን ደረቡ፣ መቋሚያቸውን ያዙ። ብርዱ ይጎዳዎታል አልሁ፤ ብርድ መቼ አውቄ አሉኝ። ጉልበትዎ ሌሊቱን አይችልም አልሁ፤ ተደግፌ እቆማለሁ አሉ። መንገድ ላይ ወታደር ይበዛል፣ ያስቆምዎታል አልሁ፤ ቄስ ነኝ እላለሁ አሉ። ጫማቸውን ራሳቸው አጎንብሰው አጠለቁ። እንዲህ ቀና ብለው ካየኋቸው ቆይቷል፤ በሩ ጋ ደርሰዋል፣ እኔም የምለው አልቆብኛል።

"አባዬ፣ ነገ እኮ ጳጉሜን ስድስት ነው" አልሁ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ ሉቃስ ሲወጣ ነው። የሚያልፈው ዓመት ማቴዎስ ነው፤ ለአራት ሲካፈል አንድ ነው የሚተርፈው። ይህን አባቴ ያስተማሩኝ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። ከውሸት ሁሉ መርጬ የማይውጡትን ውሸት ነበር የሰጠኋቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነው። "ሒሳብ አስተማሪ ተብለሽ ወንጌላዊውን ሳትለዪ!" ብለው መቋሚያውን እንዲመቱብኝ፣ ጥለውኝ እንዲወጡ። ቢቆጡኝ ኖሮ እጃቸውን ይዤ እስከ ዓውደ ምሕረቱ አደርሳቸው ነበር፤ ነገ የመጣው ይምጣ፣ ይስማውም የሚለውን ይበል።

በሩ ላይ ቆሙ። አውራ ጣታቸው የጣታቸውን አንጓ ነካ፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ በልቤ ይቆጡኝ፣ ይቆጡኝ እላለሁ። ጣታቸው ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ታች ለቀቁት።

"ዘንድሮ ስድስት ናት እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ አባዬ።"

"እንኳን ነገርሽኝ። ሰው በሌለበት ሄጄ ልዋረድ ነበር።" መቋሚያውን ሰጡኝ። መደቡ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉልኝ፣ ጥምጣሙን ፈታሁላቸው። ፀጉራቸው ከሥሩ ነጭ፣ ስስ ሆኗል። ነገ ማታ ሳይመሽ አስታውሺኝ አሉ። አስታውሳለሁ አልሁ።

ጥቂት ቆይቶ የሰፈሩ ልጆች ከደጅ ችቦ ለኮሱ። ዘፈናቸው ቤቱን ሞላው፣ የእሳቱ ብርሃን በመስኮቱ ገባ። አባቴ ቀና ብለው አዳመጡ። አሁን ነቁብኝ አልሁ፣ መንቃታቸውንም ለመንሁ። ችቦውን ብዙ አዩት። ከዚያ ለልጆቹ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ ልጆች፣ በአንድ ቀን ተሳሳቱ" አሉ። "አይፈረድባቸውም፤ ቆጥሮ የሚያስተምራቸው የለም። አንቺ ሂጂና ንገሪያቸው እስቲ፣ እንዳያፍሩ።"

ነጠላዬን አድርጌ ወጣሁና ችቦው አልቆ እስኪጠፋ ድረስ ከልጆቹ ጋር ቆምሁ።